ጥሩ ጀሶ ከጣቶቹ ይታወቃል

እግሩ ተጠምዝዞ ወይም ዕቃ ወድቆበት ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ራጅ አልነሣም እንዴ?» ራጅ ከተነሣ የታከመ ይመስለዋል። እኔ የሐኪሙን ችሎታ የምመዝነው ግን ራጁ ከመታዘዙ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ነው። ካልሲውን ከሁለቱም እግር አስወልቋል? ያበጠውን ከጤነኛው ጋር አስተያይቷል? ከሁሉም በላይ፣ በአንድ ጣቱ ጫፍ አጥንት አጥንቱን እየተጫነ ሄዷል? እግሩን በመዳፉ ጨብጦ «ያምሃል?» የሚል ሐኪም መልሱን ራሱ አበላሽቶታል። ያበጠ እግር የትም ቢጨብጡት ያማል።

ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉ። ከእነሱ መካከል ፈጽሞ የማይታለፉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው በውጭ በኩል፣ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ የሚመጣው ረጅም አጥንት ሥር ነው፤ እግራችሁን ጎኑን ብትዳስሱ መሀል ላይ ጎልቶ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ወደ ፊት ያለው ናቪኩላር የሚባለው አጥንት ነው። ሐኪሙ ኢያን ስቲል ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ያወጣው ደንብ በእነዚሁ ላይ የቆመ ነው። መሀል እግሩን የሚያመው ሰው ከሁለቱ አንዱ ሲጫኑት ካመመው፣ ወይም በተጎዳበት ሰዓትም ሐኪሙ ፊትም አራት እርምጃ መሄድ ካቃተው ራጅ ይነሣል። ማነከስ እንደ መራመድ ይቆጠራል። ከዚህ ውጪ ለሆነ አዋቂ «ራጅ አያስፈልግህም» ያለ ሐኪም ቸል ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ተጭኖ ካየ በኋላ ከሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ያ የውጭ አጥንት ሥር ለዳኝነትም ይመቻል፤ ራጁ በጥንቃቄ መነበቡ ወይም በጨረፍታ መታለፉ እዚያ ይለያል። ጫፉ ላይ ጅማት ጎትቶ የገነጠላት ቁራጭ ከሆነች ሶሉ ጠንካራ በሆነ ጫማ እያነከሱም ትድናለች። ከዚያ ትንሽ ወደ ጣቱ ቀረብ ብሎ አጥንቱን የሚያቋርጠው ስብራት ግን ሌላ ጉድ ነው። ደም እንደልብ የማይደርሰው ቦታ ስለሆነ ለመግጠም ይለግማል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መሬት ሳይረግጡ በጀሶ መቆየትን፣ ለሯጭና ለኳስ ተጫዋች ደግሞ ብዙ ጊዜ ብሎን ማስገባትን ይጠይቃል። ስብራቱ ዛሬም የሚጠራው በቀዶ ሐኪሙ በሰር ሮበርት ጆንስ ስም ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1902 የጻፈው ስለ ራሱ እግር ጭምር ነበር፤ የተሰበረው ሲጨፍር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሞላ ነው፤ የሕክምናው ልዩነት ግን የወራት ነው። ስለዚህ «የእግርህ አጥንት ተሰብሯል» ብሎ ያቆመን ሐኪም «የቱ ጋ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በጣቱ ካላሳያችሁ ሌላ ሐኪም ይይላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ደግሞ በናፖሊዮን ዘመን በነበረው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም በዣክ ሊስፍራንክ ስም የሚጠራው የመሀል እግር ጉዳት ነው። ረጃጅሞቹ አጥንቶች ከኋለኞቹ ጋር የሚገናኙበት መጋጠሚያ ይላቀቃል፤ ሰውየው «ወለምታ ነው፣ በፋሻ እሰረው» ተብሎ ይሸኛል፤ ከዓመት በኋላ የውስጥ እግሩ ቅስት ወድቆ፣ መጋጠሚያው ተበልቶ ይመለሳል። አዋቂ ሐኪም ውስጥ እግሩን ገልብጦ ያያል። እዚያ መሀል ላይ የረጋ ደም ካየ፣ ራጁ ምንም ቢል አያምነውም። የእኛ ሰው ቆዳ ጠቆር ቢልም ውስጥ እግራችን ነጣ ያለ ስለሆነ ምልክቱ አይደበቅም፤ የሚያስፈልገው መገልበጥ ብቻ ነው። ራጁም ተኝተው የተነሡት ከሆነ ሊያታልል ይችላል፤ አጥንቶቹ ክብደት ሲያርፍባቸው ነው የሚከፋፈቱት። በሕመሙ የተነሣ መቆም ካልተቻለ ጥሩው ሐኪም እግሩን አስሮ ከሳምንት በኋላ ቆሞ እንዲነሣ ይቀጥረዋል፣ ወይም ሲቲ ስካን ያዛል። ሩጫ አብዝቶ መሀል እግሩን ያመመውም እንደዚሁ ነው። የድካም ስብራት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ልምምድ የተመለሰ ሯጭ ስንጥቋን ሙሉ ስብራት አድርጎ ይመጣል።

አሁን ወደ ጀሶው። እንደ ተለሰነ ግድግዳ ለስልሶ የሚያብረቀርቅ ጀሶ ዓይን ይማርካል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ከሥሩ ያለውን ጥጥ ነው። ጥጡ ከጣቶቹ ሥር ተነሥቶ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ፣ ተረከዙና የቁርጭምጭሚቱ እብጦች ላይ ደረብ ብሎ መውጣት አለበት። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ትኩስ ከሆነ ጀሶው ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት ተጨምሮበት ቆዳ ያቃጥላል። እግሩን የሚደግፈው ረዳት በመዳፉ መያዝ ይኖርበታል። እርጥብ ጀሶ ላይ የተጫነ ጣት ውስጡን ያጎደጉደዋል፤ ያች ጉድጓድ ከሳምንታት በኋላ ቁስል ሆና ትገኛለች። ቁርጭምጭሚቱ በዘጠና ዲግሪ ማዕዘን ይታሠር፤ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የደረቀ እግር የተረከዙ ጅማት አጥሮ ሌላ ሥራ ያመጣል። ከላይ ደግሞ ጀሶው በጉልበቱ ውጭ በኩል ካለችው ጉብታ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ያብቃ፤ እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ከተጫነ እግሩ ወደ ላይ መነሣት ያቅተዋል።

ጣቶቹ ግን ሁሉም መታየት አለባቸው። ጥፍሩን ስትጫኑት ነጥቶ፣ ስትለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለስ። ገና በማበጥ ላይ ያለን እግር በመጀመሪያው ቀን ዙሪያውን በሙሉ ጀሶ ጠፍሮ የሚሰድ ባለሙያ አልወድም፤ መጀመሪያ ከኋላ ግማሽ ጀሶ፣ እብጠቱ ሲወርድ ሙሉው። ታካሚው ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ሊነገረው የሚገባ አለ። እግርህን ከልብህ ከፍ አድርገህ አስተኛ። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣትህ ከደነዘዘ ወይም ሰው ጣትህን ቀና ሲያደርገው የሚያስጮህ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ና። ሲመጣም ጀሶው ከነጥጡ እስከ ቆዳው ድረስ ይሰነጠቃል። ማስታገሻ ሰጥቶ «ነገ ተመለስ» ማለት እግር ያስቆርጣል።

ወጌሻውንም የምመዝነው በዚሁ ነው። ጉዳት የሚያመጣው የሚያሥርበት ቀርቀሃ ሳይሆን አጥብቆ ማሠሩና ያሠሩትን ተመልሶ አለማየቱ ነው። ጉራጌ ውስጥ ባለው አጣጥ ሆስፒታል ለአካባቢው ወጌሾች አጭር ሥልጠና ተሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ በጋንግሪን ምክንያት የሚቆረጡት እጅና እግር መቀነሳቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ስለዚህ ጥሩ ወጌሻ ስል ትኩስ ስብራት የማያሽ፣ ቆዳው የተቀደደ ስብራት የማይነካ፣ ያሠረውን በማግስቱ ፈትቶ የሚያይና ጣት ሲቀዘቅዝ ክብሩን ትቶ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ማለቴ ነው።

ስለ ጣት ብዙ አልልም። ትንንሾቹ ጣቶች ቀጥ ብለው ከተሰበሩ ከጎረቤታቸው ጋር ማሠር ይበቃቸዋል፤ ላቡ ቆዳውን እንዳያበሰብሰው በመካከላቸው ጋዝ ወይም ጥጥ ገብቷል ወይ ብላችሁ እዩ። ጥፍሮቹም በአንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው፤ አንዱ ወደ ጎን ከዞረ አጥንቱም ዞሯል። አውራ ጣት ግን ክብደት ስለሚሸከም በቸልታ አይታለፍም። ከተሰበረ ጣት ጥፍር ሥር ደም የሚወጣ ከሆነ ስብራቱ ክፍት ነው፤ መታጠብ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የቲታነስ መርፌ ይፈልጋል።

ከሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ ተረከዙን የሰበረን የግንባታ ሠራተኛ የሚያይ ሐኪም ሌላኛውን ተረከዝ ካልነካ፣ የወገቡንም አጥንት ካልመረመረ ግማሹን ሥራ ትቷል፤ በእግሩ ያረፈው ግፊት ወደ ላይ ይወጣልና። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ቀይ፣ ትኩስና ያበጠ ግን እምብዛም የማያም እግር ይዞ ሲመጣ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ከመቸኮል በፊት አጥንቱ ሳይታወቀው እየፈረሰ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ሐኪም ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ የቀጠሮው ወረቀት አለ። ቀጣዩ ራጅ መቼ እንደሆነ፣ መሬት መርገጥ መቼና ምን ያህል እንደሚፈቀድ ያልተጻፈበት ወረቀት ጎደሎ ነው። ጀሶው ሲፈታ ባቱ መቅጠኑ፣ ቆዳው መላጡ፣ እግሩም ማታ ማታ ለወራት ማበጡ የተለመደ ነው። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በሳምንቱ «አልገጠመልኝም» ብሎ የገጠመውን አጥንት ሊያሳሽ ይሄዳል።