የሊሾው ግቢ ዝናብ የት ይግባ?

እኛ አዲስ አበቤዎች አፈር አንወድም። እጃችን ላይ ትንሽ ገንዘብ ስትገባ ቀድሞ ትዝ የሚለን ግቢውን ሲሚንቶ ማልበስ ነው። ሣሩ ይነቀላል፣ ጌሾዋ ትቆረጣለች፣ ሊሾ ይደረጋል። «አሁን ገና ግቢ መሰለ!» እንባባላለን። እኔን የሚያሳስበኝ በሐምሌ የሚወርደው ውኃ ነው። የት ይግባ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። መቶ ካሬ ግቢ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር ሆነ፤ ባለ 200 ሊትሩን በርሜል አሥር ጊዜ ሞልቶ በር ላይ መድፋት ማለት ነው። አፈር ቢሆን ቢያንስ ከፊሉን ይጠጣው ነበር። ሊሾ አይጠጣም። የጎረቤት ሊሾም፣ አስፋልቱም አይጠጡም። ኮብልስቶን እንኳ በድንጋዮቹ መሀል ባለው አሸዋ ትንሽ ያሰርግ ነበር፤ እሱንም «ሣር ያበቅላል» ብለን በሲሚንቶ እንደፍነዋለን። ከዚያ ታች ሰፈር ያለውን ሰው ጎርፍ ሲገባበት «ዘንድሮ ዝናቡ በረታ» እንላለን። ዝናብ መቼም ጠበቃ የለው!

ውኃው ብቻውን ቢሄድ ባልከፋ። በጋውን ሙሉ አስፋልት ላይ የተንጠባጠበውን የሞተር ዘይት፣ የጎማና የፍሬን ሸራ ብናኝ፣ ላቫጆው የደፋውን አረፋ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጠርገው ይወስዱታል። ያ ጎርፍ ጠቁሮ የሚወርደው ለዚህ ነው። የጎርፍ ቱቦው ደግሞ ወደ ማጣሪያ አይወስደውም፤ በቀጥታ ወደ ወንዝ ነው። (ሽንት ቤቱን በጨለማ ከዚሁ ቱቦ ጋር ያገናኘውን አባወራ ለጊዜው እንተወው።) ቀበና ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁም ትንሹም አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ። መንገድ ላይ በዚሁ ውኃ የሚበቅል ጎመንና ሰላጣ አለ፤ ተመልሶ ገበያችን ይመጣል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታቀደ ነበር። ዳርቻው ይመር፣ ማን ይጠላል! ነገር ግን ወንዙ የሚቆሽሸው ዳር ላይ ብቻ አይደለም፤ ከወንዙ ርቆ ያለ ጋራዥ በራፍ ላይም ነው። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ከግቢው ስንት እጁ አፈር ሆኖ እንደሚቀር ተጠይቆ፣ በኋላም ሄዶ የሚያይ ቢኖር እመርጣለሁ። እስከዚያው የጣሪያን አሸንዳ ከሊሾው አርቆ ወደ ታንከር ለማዞር የማንም ፊርማ አያስፈልግም። ውኃ በፈረቃ እየጠበቅን ያን ሁሉ በርሜል በር ላይ መድፋታችን ነው የሚገርመኝ።