ለማይጠይቅ ሠራተኛ መጻፍ

የሂሳብ ሶፍትዌር መመሪያ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚጻፈው ለሰው ነበር። ሰው ደግሞ ይጠራጠራል። ነቀምት ውስጥ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የተማረ አካውንታንት «ደረሰኝ መዝግብ» የሚል ትእዛዝ ቢያይ የግዢ ይሁን የሽያጭ ካልገባው ቀና ብሎ አጠገቡ ያለችውን ይጠይቃል። ኤጀንት የምንለው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተመራ ራሱ ሥራ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አያደርግም። የሚያየው እንዲሠራበት የተሰጠውን መሣሪያ ስም፣ የመሣሪያውን መግለጫና የሚሞላውን የመረጃ ዓይነት ብቻ ነው። ኮዱን አያይም፤ ያልተጻፈለትንም በግምት ይሞላል። ግምቱ ደግሞ የሚመጣው በአብዛኛው ከሌላ አገር ሂሳብ ነው።

ይህ ግምት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ቀን ላይ ነው። 01/11/2017 ብሎ የጻፈ የወለጋ ነጋዴ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ማለቱ ነው፤ አዲሱ የበጀት ዓመት የባተበት ቀን። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ይሆንለታል፤ በእኛ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ማለት ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ቀን ስለሆኑ ምንም ስህተት አይጮህም፤ ደረሰኙ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ጳጉሜ 5ን 05/13/2017 ብለን ብንጽፍ ደግሞ ወሩን የሚያስቀድም የአሜሪካ ፕሮግራም ሜይ 13 ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ የመሣሪያ መግለጫ ስጽፍ «ቀን» የሚል ባዶ ሳጥን ለኤጀንት አልሰጥም። የዘመን አቆጣጠሩን ራሱን በቻለ ሌላ ሳጥን አስገዳጅ አድርጌ እጠይቃለሁ፤ መግለጫው ላይም «አቆጣጠሩ ካልታወቀ አትመዝግብ፣ ጠይቅ» ብዬ እጽፋለሁ።

የዓመት መዝጊያም እንዲሁ ነው። ባንኮቻችን የሚዘጉት ጁን 30 ነው፤ በእኛ ሰኔ 23። ብዙው ነጋዴ ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። «የዓመቱን መጨረሻ ቀሪ ሂሳብ አምጣ» የሚል መሣሪያ የማን ዓመት እንደሆነ ካልተናገረ በመካከል የአንድ ሳምንት ገንዘብ ይንሳፈፋል።

ቫትን በአንድ ምሳሌ ልለፈው። ዋጋው ቫትን ጨምሮ 115 ብር የሆነ ዕቃ «ዋጋ» በሚል ሳጥን ውስጥ ከገባና ፕሮግራሙ 15 በመቶ ከደመረበት 132 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሳጥኑን «ዋጋ ከቫት በፊት» ብሎ መሰየም።

የግብር መጣኔን ግን መግለጫ ውስጥ መጻፍ አልወድም። ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘው ግብር፣ በአዋጅ 979/2008 ሁለት በመቶ ነበር፤ በ2017 የወጣው ማሻሻያ ሦስት በመቶ አድርጎታል። መጣኔው መግለጫ ውስጥ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ኤጀንቱ አዋጁን ሳይሰማ በአሮጌው ሲቀንስ ይከርም ነበር። የእኔ መግለጫ የሚለው «መጣኔውን በግብይቱ ቀን ከሰንጠረዡ አምጣ» ብቻ ነው።

የአገራችን ልዩ ፈተና ስም ነው። አንድ አቅራቢ በቁቤ የተጻፈ ማኅተም፣ በፊደል የተጻፈ ደረሰኝ፣ በእንግሊዝኛ የተመዘገበ የባንክ ሂሳብ ይኖረዋል። ሰው ሦስቱም የአንድ አቅራቢ መሆናቸውን ያውቃል፤ ኤጀንት ሦስት አቅራቢ ይከፍታል። የነቀምት ቡና እንኳ ከከተማው ስም ተለይቶ በውጭ ገበያ «ለቀምት» ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ አቅራቢ የሚፈለገው በቲን ቁጥር ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ አሥር አሃዝ፣ በቁጥር ሳይሆን በጽሑፍ መልክ። በቁጥር መልክ ከገባ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ይበላሉና። (ኤክሴል ላይ ይህን ያላየ አካውንታንት አለ ብዬ አላምንም።)

ሌላው መብራትና ኔትወርክ ነው። ኤጀንቱ ክፍያ መዝግቦ መልሱ ሳይደርሰው መስመሩ ቢቋረጥ ድጋሚ ይሞክራል፤ ያኔ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ምዝገባ የደረሰኙን ቁጥር ይዞ እንዲገባ የማስገድደው፤ ያው ቁጥር ከዚያው አቅራቢ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ መሣሪያው አዲስ መስመር ሳይጨምር የመጀመሪያውን ይመልሳል። መግለጫውም ይህን በግልጽ ሊናገር ይገባል፤ አለበለዚያ ኤጀንቱ «አልተሳካም» ብሎ በሌላ መንገድ ሊያስገባው ይሞክራል።

ብዙ ጸሐፊዎች መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ይጽፉና ይበቃቸዋል። እኔ አብዛኛውን ጊዜዬን የማጠፋው መቼ እንደማይነካ በመጻፍ ነው። «ፖስት የተደረገ ጆርናል አይሰረዝም፤ በተቃራኒ ምዝገባ ብቻ ይስተካከላል።» «ይህ መሣሪያ ለጊዜያዊ ዋጋ ማቅረቢያ አይደለም።» እንዲህ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ለሰው ሲጻፉ ንቀት ይመስላሉ፤ ለኤጀንት ግን ሥራው እነሱ ናቸው።

የወር መዝጊያውንና የቫት ማስታወቂያ መላኪያውን ግን እስካሁን አልጻፍኳቸውም፤ ከኤጀንቱ ዝርዝርም አውጥቻቸዋለሁ። ማስታወቂያው ላይ የሚፈርመው ሰው ነው፤ ቅጣቱም ለእሱ ነው የሚመጣው። ኤጀንቱ ረቂቁን አዘጋጅቶ ያቆማል፤ ቁልፉን የሚጫነው አካውንታንቱ ነው።