«እኛ ጨርሰናል» ከተባለ በኋላ

ራሱን ለማጥፋት አስቦ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚያሞኘን የጣት ኦክስጅን መለኪያው ነው። ጋዙ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከተሸከመው ስለማይለይ 99 ብሎ ያርፈዋል። የደም ውጤት ሳንጠብቅ ጭምብል አጥልቀን ንጹሕ ኦክስጅን እንለቃለን። አብሮ የዋጠው መድኃኒት ካለ ያኔውኑ ይመረመራል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንደነበረም ይጠየቃል።

ይህ ቀላሉ ነው። ደሙ ሲስተካከል የእኛ ወገን «ጨርሰናል» ብሎ ታካሚውን ለአእምሮ ሐኪሞች ያስረክባል። እኔ በዚህ ርክክብ አላምንም። መርዙ አንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳት ከጥቂት ቀናት እስከ 40 ቀን ገደማ ዘግይቶ ብቅ ሊል ይችላል፤ መርሳት፣ እግር መጎተት፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ ለሁሉም ነገር ግድ ማጣት። ከአእምሮ ክፍል በወጡ የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ ዳግም ራስን የማጥፋት አደጋው ያይላል። ሁለቱም የሚመጡት ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሊንደል ዊቨርና ባልደረቦቹ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ የሠሩት ጥናት ታትሞ ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን ከታከሙት 25 በመቶዎቹ፣ በተለመደው ግፊት ከታከሙት 46 በመቶዎቹ በ6ኛው ሳምንት የማስታወስና የማሰብ ችግር ነበረባቸው። ሐኪሞች ዛሬም ስለ ግፊቱ ይከራከራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ በደንብ ከታከሙት እንኳ ከአራቱ አንዱ መጎዳቱ ነው።

ስለዚህ የአእምሮ ሐኪሟን የምጠራት ኦክስጅኑ ሳያልቅ ነው። ታካሚው ከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን በሚሰጥበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሳለ ግን አናስጨንቀውም፤ የሚናገረው በድምፅ ማጉያ ስለሚወጣ ቴክኒሻኑም ይሰማዋል። ከወጣና ቤተሰብ ዘወር ካለለት በኋላ «ለመሞት አስበህ ነበር?» ትለዋለች፣ በግልጽ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም።

በደረቁ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ድባቴ ይሁን የአንጎል ጉዳት ያለበት በፊቱ አይታወቅም። ሦስት ቃላት አስይዤው ቆይቼ እጠይቀዋለሁ። ኮሪደሩን አስኬደዋለሁ፤ ሲዞር እግሩን አያለሁ። እሷም አብራኝ ታያለች፤ ከወር በኋላ ቢፈዝ «መድኃኒቱ ነው ወይስ ጋዙ?» ለማለት የዛሬውን ማወቅ አለባት። የሁለታችንም ቀጠሮ በአንድ ቀን ነው፤ ከቀረ የሚደውልለት ሰው ስሙ መዝገቡ ላይ አለ። ለቤተሰብም «ቢረሳ፣ ቢንገዳገድ፣ ድባቴው ነው ብላችሁ አትለፉት» እንላለን።

ያልተፈታው የአልጋ ነገር ነው። የአእምሮ ክፍሉ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን የለውም፤ የውስጥ ደዌ ክፍሉ ሌሊቱን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው የለውም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ግድግዳ ላይ የኦክስጅን መስመር ከመዘርጋት ጠባቂ መለመን ይቀላል።