ማግኔቱ ያልወሰደው

«ጋሼ፣ ማግኔታይቱን ለብቻው ሠርተን ከቤንቶናይቱ ጋር ብናቀላቅለው ምን ይጎድልብናል?»

የጠየቀችኝ ለማስትሬት ጥናቷ ወደ ላባችን የመጣች ልጅ ናት። ሳታውቀው የነካችው ከኮሪደሩ ማዶ ካለው የሥራ ባልደረባዬ ጋር ለዓመታት ስንጨቃጨቅበት የኖርነውን ነገር ነው። ለእሷ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። እዚህ ግን ረዘም ላድርገው።

የማሳርን ዘዴ አንባቢዬ ያውቀዋል ብዬ እነሳለሁ። ሁለት እጅ ፌሪክ፣ አንድ እጅ ፌረስ፣ ከዚያ አሞኒያ። ፈረንሳዊው ሬኔ ማሳር እ.ኤ.አ. በ1981 ካሳተመው ወዲህ ያልሠራበት ላብ የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አሞኒያው ሲገባ ማዕድኑ የት ነበር?

በእኔ ወንበር ላይ ማዕድኑ ቀድሞ ነው የሚገኘው። ቤንቶናይቱ ውሃ ውስጥ አድሮ ያብጣል፤ የብረት ጨዎቹ ይከተላሉ፤ ደግሞ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ቤንቶናይት በንጣፎቹ መካከል የያዘውን ሶዲየምና ካልሲየም ለብረቱ ይለቅለታል፣ ብረቱም ቦታውን ይይዛል። አሞኒያው ጠብ ጠብ ሲል ክሪስታሉ የሚጀምረው እዚያው በተቀመጠበት ነው። ጥበቡ ከሸማው ጋር አብሮ ሲሸመንና ካለቀ በኋላ ሲሰፋበት አንድ አይደለም።

ባልደረባዬ ማግኔታይቱን ለብቻው ይሠራል። በደንብ ያጥበዋል፣ መጠኑን ይለካል፣ ከዚያ ትንሽ አሲድነት ባለው ውሃ ውስጥ ከሸክላ አፈሩ ጋር ያገናኘዋል። አይጣበቅም አልልም። ፒኤቹ ከስድስት በታች ሲሆን የማግኔታይቱ ገጽ ፖዘቲቭ ነው፣ የቤንቶናይቱ ንጣፍ ደግሞ ኔጌቲቭ፤ ይሳሳባሉ። ዱቄቱ ያምራል፣ ፎቶውም ቴሲስ ላይ ያምራል።

ችግሩ ዱቄቱ ሊያጣራው የታሰበው የእኛ ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የሞላው ነው፤ ፒኤቹ ስምንትን ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ታገኘዋለህ። እዚያ ሲደርስ የማግኔታይቱም ገጽ ወደ ኔጌቲቭ ይዞራል። ሁለት ኔጌቲቭ ደግሞ ይገፋፋል። ጥቁሩ ከአፈሩ ይላቀቅና ማግኔቱ እሱን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ አፈሩ የያዘውን ይዞ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። በተጣራ ውሃ ተሞክሮ «ሠራ» የተባለ ነገር ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ የሚከዳው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ልጅቷን ያስተማርኳት የመጀመሪያው ነገር ማግኔቱን ሳይሆን ማግኔቱ ያልወሰደውን ማየት ነው። አዲስ ሰው ማግኔት ከቢከሩ ጎን ሲያስጠጋ ዓይኑ ወደ ጥቁሩ ይሮጣል። ግድግዳው ላይ ተከምሮ ሲያይ ይደሰታል፣ ስልኩን ያወጣል። እኔ የምመለከተው ውሃውን ነው። ቢከሩን ወደ መስኮት አዙሬ ከጀርባው የተጻፈ ወረቀት አደርጋለሁ፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ ከተነበበ ጥሩ። ነጣ ያለ ደመና ካለ ማግኔታይት ያልያዘ አፈር ቀርቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ማቆም ግን የለም። ፒኤቹን ወደ ዘጠኝ ከፍ አድርጌ ሶኒኬተር ውስጥ አስገባዋለሁ፣ በደንብ ይንቀጠቀጥ፣ ከዚያ ማግኔቱ ይመለስ። ጎረቤት ብቻ የነበሩት የሚለያዩት አሁን ነው። መጀመሪያ ጥርት ያለው ውሃ ወተት ከመሰለ ቅንጣቱ አፈሩ ላይ አልነበረም፣ አጠገቡ ነበር። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይህን በሥዕል ያሳያል፤ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ ቢከርና መስኮት ደግሞ የትም አለ።

የተፈጥሮ ማዕድን ሌላም ተንኮል አለው። ፌሪክ ክሎራይዱን ስታፈስበት የአረፋ ድምፅ ከሰማህ ካልሳይት አለበት። አሲዱ እዚያ ያልቃል፣ ፌሪኩም አሞኒያውን ሳይጠብቅ ቡናማ ሆኖ ይዘቅጣል። በቀጭን አሲድ አስቀድሞ ማጠብ ነው፤ ታጥቦ እስኪያልቅ ያልታገሠ ሰው በኋላ የሚያማርረው ማሳርን ነው።

ቡናማ ካልኩ አይቀር፦ አዲስ ሰዎች ከሰል የመሰለው ዱቄት ምድጃ ውስጥ ቡናማ ሲሆንባቸው ሊያለቅሱ ይደርሳሉ። ማልቀስ አያስፈልግም። ኦክስጅን ነክቶት ወደ ማግሄማይት እየሄደ ነው፤ ማግሄማይትም በማግኔት ይሳባል፣ ኤክስአርዲም ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። የሚያስፈራው ቀይ ነው። በጣም የተቃጠለ ዱቄት ሄማታይት ይሆናል፣ ያኔ ማግኔቱ ዞር ብሎም አያየው። ከ60 ዲግሪ ባላሳልፈው የምመርጠው ለዚህ ነው። «ናይትሮጅን ከሌለ አይሠራም» የሚሉትንም አልሰማም፤ አየሩ ለሚበላው ድርሻ ፌረሱን ትንሽ መጨመር ይቻላል። ከሲሊንደሩ ይልቅ የፌረስ ሰልፌቱን ጠርሙስ ተመልከቱ። አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ቡናማ ቅርፊት ከያዘ፣ ሚዛን ላይ የመዘናችሁት ሁለት ለአንድ ውሸት ነው። አየር ላይ የተሻለ የሚቆየው የሞር ጨው ነው፤ ውስጡ ያለው አሞኒየም እኛን አይጎዳም፣ አሞኒያ ልናፈስ ነው የቆምነው።

መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ቅንጣት ለሚፈልጉ ኮሪያዊው ቴግዋን ሂዮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳዩት መንገድ አለ፤ የብረት ኦሊየትን በ320 ዲግሪ ገደማ ማብሰል ነው። ግሩም ሥራ ነው። ግን ዘይት ለብሶ የሚወጣ፣ ውሃ የሚጠላ ቅንጣት ለእኛ ጉድጓድ ምን ያደርጋል? ቀድሞ ልብሱን ማስቀየር ሊኖርብህ ነው።

ልጅቷ ቀጥላ ማግኔታይቱ ፍሎራይዱን ይይዛል ወይ አለችኝ። ደካማ ነው። ፍሎራይድን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እሱን አፈሩ ላይ ማስቀመጥ አለብን። የማግኔታይቱ ሥራ መሰብሰብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ባነሰ ቁጥር እወዳለሁ፤ ከበዛ ቦታውን ይሻማል። ታዲያ በማግኔታይቱ ለምን እንደክማለን? ቤንቶናይት ወንፊት ይደፍናል፣ በራሱም ቶሎ አይዘቅጥም። ከህንድ የመጣው የናልጎንዳ ዘዴ አሉምና ኖራ ጨምሮ ዝቃጩ እስኪወርድ ያስጠብቃል፤ እናት ባልዲ ይዛ ስትመጣ ልጅ ጠምቶታል።

እኔ ያደግሁት ዝዋይ አካባቢ ነው። ፎቶ ላይ ሁሌ ከንፈሬን ገጥሜ ነው የምታዩኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የዚህን ብዙ እጥፍ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚበላሸው በልጅነት፣ ኢናሜሉ ገና ሲሠራ ነው፤ ካደጉ በኋላ ንጹሕ ውሃ መጠጣት ጥርሱን አይመልሰውም። ሰፈራችን ሰው ውሃውን ያፈላው ነበር። ማፍላት ደግሞ ውሃውን ይቀንሳል እንጂ ፍሎራይዱን አይቀንስም። ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ነው፣ ጥርሴ ካለቀለት በኋላ። ከዚያ ወዲህ በተጣራ ውሃ ብቻ ስለተገኘ ውጤት ሲወራ ትዕግሥት የለኝም፤ ባልደረባዬ ይህን ግትርነት ይለዋል፣ ይበለው።

አሁን ከዝዋይና ከመቂ መካከል ካሉ ጉድጓዶች በጄሪካን የመጣ ውሃ መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል። የባልደረባዬ ዱቄትና የእኔ ዱቄት በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ እንዲፈተኑ ተስማምተናል፤ ማግኔቱን የምትይዘውም፣ ወረቀቱን የምታነበውም ልጅቷ ናት። የምንጠብቀው የሶኒኬተሩን ፊውዝ ነው፤ ግዢ ክፍል ጠይቀናል።