ነጭ ቀበቶ

ለቴኳንዶ የመጀመሪያ ቀን ምስጋና አለኝ። በሆሳዕና ከተማ ከውጭ ለሚያይ የሚከብደው እርግጫው ይመስላል፤ አይደለም። የሚከብደው ረጋ ብሎ መተንፈስ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ትንፋሹን ያልገዛ ጀማሪ ገና ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ያለከልካል።

ከሁሉ የምወደው አሰላለፉን ነው። ባለነጭ ቀበቶው፣ ሽበት ያወጣም ቢሆን፣ ባለቀለም ቀበቶ ካሰረ ታዳጊ ኋላ ይቆማል። ለትልቅ ሰው ከመቀመጫ በሚነሣበት፣ በከተማዋ ዙሪያ ባለው በሌሞ ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታዳጊውም አይስቅም፤ እሱም እዚያው ቆሞ ነበርና።

ከዚያ ቾን-ጂ ይመጣል። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ባደራጀው በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ስልት ይህ የመጀመሪያው ቅጽ ነው፤ 19 እንቅስቃሴ ብቻ፦ መከላከል፣ ቡጢ፣ መዞር። ዐይን፣ እግርና ትንፋሽ ካልተስማሙ ግን ጀማሪው ከተነሣበት ነጥብ ተመልሶ አይቆምም። ዳኛው ወለሉ ነው። ቅጽ ባይኖር ቴኳንዶ ከመደባደብ አይለይም ነበር።

ልጆቻችሁን ለማድረስ የምትመጡ ወላጆች፣ በር ላይ አትቅሩ፤ ጫማችሁን አውልቁና ግቡ።