ያልተመነዘረው ስድስት መቶ ብር
(በ1970 ዓ.ም. የዱር እንስሳት መታሰቢያ ሳንቲሞች ላይ የቀረበ ሒስ)

በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች፣ በአሮጌ ሳንቲም ነጋዴዎች መስኮት ውስጥ አንዳንዴ አገራችንን እናገኛታለን። ዋልያ የተቀረጸበት ወርቅ ወይም የደጋ አጋዘን የቆመበት ብር በከፋይ ሣጥን ተኝቶ ገዢ ይጠብቃል። ከመካከላችን ብዙዎች በ1970 ዓ.ም. አገር ቤት ነበርን፤ ይህን የአገራችንን ገንዘብ ግን ያኔ በዓይናችን አላየነውም። ይህ ሒስ የሚነሣው ከዚህ ዘግይቶ ከመጣ ትውውቅ ነው።

ሳንቲሞቹ ሦስት ናቸው። አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማም አሞራ ባለ 10 ብሩ ላይ፣ የደጋ አጋዘን ባለ 25 ብሩ ላይ፣ ዋልያ ደግሞ ባለ 600 ብሩ ወርቅ ላይ ተቀርጸዋል። ወርቁ ከ33 ግራም በላይ ይመዝናል። ከሃያ በላይ አገሮች ለዱር እንስሳት ጥበቃ ድጋፍ በሚል ያወጧቸው የመታሰቢያ ሳንቲሞች አካል ናቸው። ዓላማውን አንነቅፍም። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በየትም የዓለም ክፍል አይገኝም፤ የሰሜን ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መታሰቢያው ተገቢ ነበር።

ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ይህ ገንዘብ የሚናገረው ለማን ነበር? ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር ስለ ነበር ስድስት መቶ ብር 290 ዶላር ያህል ነው። በአገር ውስጥ ትልቁ የወረቀት ገንዘብ መቶ ብር ነበር። የትልቁን ኖት ስድስት እጥፍ በአንዲት ሳንቲም ላይ መጻፍ፣ በየትኛውም ገበያ ሊመነዘር ያልታሰበ ገንዘብ ማውጣት ነው። እርግጥ የውጭውን ዓይን መፈለግ በእኛ ዘመን አልተጀመረም፤ አክሱምም የወርቅ ሳንቲሟን በግሪክ ፊደል ታትም ነበር። ነገር ግን ያችው አክሱም በመዳብ ሳንቲሞቿ ላይ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት ጽፋ በሕዝቧ እጅ ታኖር ነበር። በባለ ስድስት መቶው ብር ዘንድ ይህ ሁለተኛው ወገን የለም።

ዓመቱንም መዝለል አንችልም። 1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ዓመት ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣቶች አስከሬን ይጣል ነበር፤ የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ዋልያ እንዳይጠፋ ለዓለም የሚማጠነው መንግሥትና ይህን የሚፈጽመው መንግሥት አንድ ነው። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ያው መንግሥት ለዓለም አቀፉ የሕፃናት ዓመት ባለ 20 ብርና ባለ 400 ብር መታሰቢያ አወጣ። የማን ሕፃናት እንደ ሆኑ ለመጠየቅ የሚደፍር ያን ጊዜ አገር ውስጥ አልነበረም።

ሳንቲም ሳንቲም ነው፤ የፖለቲካ ሸክም አትጫኑበት የሚሉን ሰብሳቢ ወዳጆች አሉ። እኛ ግን ሸክሙን የጫንነው እኛ አይደለንም እንላለን፤ የመንግሥት ስምና ዓመተ ምሕረት ያለበት ነገር ሁሉ ምስክርነት ነው። የሚታሰበውን መርጦ ሲያስታውስ፣ የማይታሰበውንም መርጦ ይተዋል።

ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያው የደጋ አጋዘን በ1969 ዓ.ም. በወጣው በአሥር ሳንቲሙ ላይም ቆሟል። ይህኛው ከባላገር መቀነት ወደ ጉልት ቸርቻሪ፣ ከሊስትሮ ኪስ ወደ ምጽዋት ሳሕን ሲዞር ኖሯል። የአጋዘኑ ቀንድ በጣት ብዛት ተፍቆ ደብዝዟል። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ያለቀ ብለው ያራክሱታል፤ ጣት ያልነካውን ባለ 25 ብር ግን ያወድሱታል። በእኛ ሚዛን ፍርዱ ይገለበጣል። ያለቀው አሥር ሳንቲም በዚያ የመከራ ዘመን የዳቦ ዋጋ ሆኖ ከሕዝቡ ጋር ያለፈ ነው።

ስለዚህ ሰብስቡ እንጂ ተዉት አንልም። እነዚህን ሳንቲሞች እኛ ካልሰበሰብናቸው ታሪካቸውን የማያውቅ ይሰበስባቸዋል። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ክብደቱንና ጥራቱን በምትጽፉበት ወረቀት ላይ በዚያ ዓመት በአገሩ የሆነውንም ጻፉ፤ ከባለ 25 ብሩ አጠገብም ያለቀውን አሥር ሳንቲም አኑሩ።