«ተገቢ ጓንት ይደረግ»፤ ስለ ባዜቃ በሚጻፉ የማስጠንቀቂያ ቃሎች ላይ የቀረበ ትችት

የኬሚስትሪ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሚያጋጥሙት ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ በጣም የሚበዛው፣ ደግሞም በጣም የማይነበበው፣ የማስጠንቀቂያው ዐረፍተ ነገር ነው። በየሙከራው መመሪያ ራስጌ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን፤ «ጥንቃቄ ይደረግ»፣ «በተገቢ ጓንት ይያዝ»፣ «እንፋሎቱን ከመተንፈስ መቈጠብ ያሻል»። ተማሪው ዓይኑን ሳያሳርፍበት አልፎ ወደ ሚዛኑና ወደ ብልቃጡ ይሄዳል። መምህራን ይህንን እንደ ተማሪ ስንፍና ቈጥረው ይወቅሱናል። እኛ ግን ወቀሳው ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለዐረፍተ ነገሩም የሚገባ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ በውስጡ የሚነበብ ነገር የለምና። ይህንን ለማስረዳት ከላቦራቶሪ ዕቃዎች መካከል ባዜቃን፣ ማለት ሜርኩሪንና ከእርሱ የሚሠሩትን ውሕዶች መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ካረን ዌተርሃን በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሻየር በሚገኘው በዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሥራቸውም መርዛም ብረቶች በሕያው አካል ውስጥ የሚያደርሱትን ጉዳት መመርመር ነበረ፤ እንግዲህ መርዝን ከማያውቅ ሰው ጋር የምንነጋገር አይደለንም። ኦገስት 14 ቀን 1996 ዲሜቲል ሜርኩሪ የተባለውን ፈሳሽ ለአንድ የመለኪያ መሣሪያ ማመሳከሪያ እንዲሆን ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለብጡ፣ አንድ ወይም ጥቂት ጠብታ በጓንታቸው ላይ ወደቀ። መነጽር አድርገው ነበር፤ የላቴክስ ጓንት አድርገው ነበር፤ የሚሠሩትም ጋዙን ወደ ውጭ በሚስበው ሣጥን ውስጥ ነበረ። ጓንቱን አውልቀው እጃቸውን ታጠቡ። አምስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ1997 መጀመሪያ፣ አካሄዳቸው ተዛነፈ፤ አነጋገራቸውም ተሳሰረ። በደማቸው ውስጥ በአንድ ሊትር 4,000 ማይክሮግራም ባዜቃ ተገኘ፤ ይህም የመመረዝ ደረጃ ተብሎ ከተወሰነው ከ200 ማይክሮግራም 20 እጥፍ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሳቸውን ሳቱ፤ ጁን 8 ቀን 1997 በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። ጠጉራቸው በየርዝመቱ ተቈራርጦ ሲመረመር፣ ባዜቃው ከኦገስቱ ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ ከዚያ ቀስ በቀስ ሲወርድ ታየ። ይህም መርዙ የገባው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሳይሆን በዚያው በአንድ ቀን መሆኑን መሰከረ።

ይህ ታሪክ በየላቦራቶሪው ይነገራል። የሚነገረው ግን በሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ልክ አይመስሉንም። አንዱ «አንዲት ጠብታ እንኳ ትገድላለች» ብሎ ያስፈራራል፤ ሰሚው ይደነግጥና ከሳምንት በኋላ ይረሳል። ሁለተኛው «ባለመጠንቀቅ የመጣ ነው» ይላል። ይህኛው ደግሞ ሐሰት ነው። ሴትዮዋ መመሪያው ያላቸውን ሁሉ ፈጽመው ነበር። ያልተፈጸመው ነገር የመመሪያው ጸሐፊዎች ሥራ ነበረ። ጓንቱ ከዚያ በኋላ በልዩ ላቦራቶሪ ሲመረመር፣ ዲሜቲል ሜርኩሪ በላቴክስ ውስጥ አልፎ የሚወጣው በ15 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የታዘዘው፣ ከብዙ ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች የተሠራ ጓንት ከውስጥ፣ ወፍራምና ክንድ ድረስ የሚደርስ ጓንት ከላይ ማድረግ ነው። የመንግሥቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ኮሌጁን 9,000 ዶላር ቀጣ።

ትችታችን የሚነሣው ከዚህ ነው። ጓንትን መመርመር አዲስ ጥበብ አይጠይቅም፤ በአንድ ወገን ፈሳሹን፣ በሌላው ወገን መለኪያውን አድርጎ ሰዓት መቍጠር ነው። ከ1996 በፊት ባለው በማንኛውም ዓመት ሊሠራ ይችል የነበረ ምርመራ፣ ሰው ከታመመ በኋላ ተሠራ። እስከዚያ ድረስ «ተገቢ ጓንት» የሚለው ቃል ቦታውን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ያልጠየቀው ቦታው የተያዘ ስለ መሰለ ነው። ከእኛ ወገን አንዱ በሙከራ ዘገባው ላይ «ተገቢ መጠን ያለው አሲድ ጨመርን» ብሎ ቢጽፍ መምህሩ በቀይ ቀለም ይሠርዙታል፤ «ስንት ሚሊሊትር? ጥንካሬውስ ምን ያህል?» ብለው ይጠይቁታል፤ ደግሞም እውነት አላቸው። በዚያው ወረቀት ራስጌ ላይ ግን «ተገቢ ጓንት ይደረግ» ተብሎ ታትሞ ሳይሠረዝ ያልፋል። አሲዱ ይለካል፤ እጁን የሚጠብቀው ነገር አይለካም።

ሁለተኛው ነገር ሰዋስው ነው። «ይደረግ»፣ «ይያዝ»፣ «ይወገድ» የሚሉት ግሦች አድራጊያቸው የጠፋ ነው። በአማርኛ «መስኮቱን ክፈት» ስንል የታዘዘው ሰው ይታወቃል፤ «መስኮቱ ይከፈት» ስንል ግን ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ይህን ለቋንቋ ክፍል ባልደረቦቻችን የምንተወው ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በላቦራቶሪ ውስጥ አድራጊ የሌለው ግሥ አንድን ሰው ሊያስከፍለው ይችላል። የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ መመሪያውን የጻፈው አይደለም። በ1860ዎቹ በለንደን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይኸው ዲሜቲል ሜርኩሪ ሲሠራ ሁለት ሰዎች ተመርዘው ሞተዋል፤ ሁለቱም ረዳቶች ነበሩ። ነገሩ በ1865 በሆስፒታሉ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ከዚያ እስከ ዳርትመዙ ጠብታ ድረስ 131 ዓመት አለ። ስለዚህ ዕውቀት አልነበረም ለማለት አይቻልም፤ የነበረው ዕውቀት በጠርሙሱ ላይ አልደረሰም እንጂ።

እስካሁን የተናገርነው በአንድ ቀን ስለሚገባው መርዝ ነው። በየተማሪው ላቦራቶሪ የሚገኘው ግን ዲሜቲል ሜርኩሪ ሳይሆን ተራው ባዜቃ ነው፤ በቴርሞሜትር፣ በባሮሜትር፣ በማኖሜትር ውስጥ ያለው። በዚህም ላይ የማስጠንቀቂያው ቃል በተሳሳተ በር ላይ ዘብ ሲቆም እናየዋለን። «አይዋጥ» ይላል። የተዋጠ ፈሳሽ ባዜቃ ግን ወደ ደም የሚገባው ከ10,000 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በትንፋሽ ከገባው እንፋሎት ግን ከመቶ 80 ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ያልፋል። ይህ እንፋሎት ሽታ የለውም፤ ለዓይንም አይታይም። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በተዘጋ ክፍል፣ ባዜቃው ተገልጦ ከቈየና አየሩ ከጠገበ፣ በአንድ ሜትር ኩብ 14 ሚሊግራም ያህል ይደርሳል። የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ጤና ባለሞያዎች ማኅበር ለሠራተኛ የወሰነው ልክ 0.025 ሚሊግራም ነው። ከ500 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። የእኛ አገር ክፍሎች በእርግጥ አየር ያልፍባቸዋል፤ ያውም በበጋ። በክረምት ግን ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ስለምንሠራ በዚህ ብዙ መጽናናት አይገባንም።

ከመካከላችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ባዜቃን በመዳፋቸው ላይ አንከባለው የተጫወቱ አሉ፤ ነገሩም እንደ ደስ የሚል ትምህርት ይታይ ነበር። ደስ ማሰኘቱንስ አንክድም፤ ውሃን 13 ጊዜ ተኩል የሚከብድ ፈሳሽ በእጅ መያዝ የሚረሳ ነገር አይደለም። በቆዳ በኩል የሚገባውም ጥቂት ነው። ነገር ግን ከመዳፍ አምልጦ ወደ ወለሉ ስንጥቅ የገባው፣ ለቀጣዮቹ ዓመታት ተማሪዎች እዚያው ሆኖ ይተናል።

በዚህ ረገድ ሊታወስ የሚገባው ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ሽቶክ ነው። የቦሮንና የሲሊኮን ሃይድራይዶችን ሲመረምር በባዜቃ የሚሠሩ የቫኩም መሣሪያዎችን ለብዙ ዓመታት ተጠቀመ። ራስ ምታት፣ ማዞርና የማስታወስ ኃይል መድከም ያሠቃዩት ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለረጅም ጊዜ አላወቀም። በ1926 ስለ ባዜቃ እንፋሎት አደገኛነት በጻፈው ጽሑፍ የራሱን ሕመም ለባልደረቦቹ ገለጠ። የሽቶክን ጽሑፍ ከማስጠንቀቂያ ወረቀቶች ሁሉ የምናስበልጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማን እንደ ታመመ፣ በምን ሥራ እንደ ታመመ፣ ምን እንደ ተሰማው ይናገራል። አድራጊም ተደራጊም አለው።

ወደ ጨዎቹ ስንሄድ ነገሩ እንደ ገና ይገለበጣል። በሜርኩሪክ ክሎራይድ ዘንድ ዋናው አደጋ መዋጡ ነው፤ አንድ ግራም ያህሉ ሆድ ዕቃን ልጦ፣ ኩላሊትን አቃጥሎ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ብረቱ በትንፋሽ፣ ጨዉ በአፍ፣ ዲሜቲሉ በጓንት በኩል ይመጣል። ሦስቱም ጠርሙሶች ላይ ግን ያው የራስ ቅል ሥዕል ተለጥፎባቸው ጎን ለጎን በመደርደሪያ ይቀመጣሉ። የራስ ቅሉ «ይገድላል» ይላል እንጂ በየት በኩል እንደሚገድል አይናገርም።

በላቦራቶሪ ውስጥ በልማድ የሚነገሩትም ምክሮች ቢመረመሩ መልካም ነው። የፈሰሰ ባዜቃ ላይ የዲን ዱቄት ከተነሰነሰ ነገሩ አለቀ ይባላል። ዲኑ ከላይ ስስ ሽፋን ያበጅለታል፤ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ግን ባዜቃ እንደ ሆነ ይቀራል፣ ሲረገጥም ይከፈታል። ስለዚህ ዲን የሚረዳው ዋናው ከተለቀመ በኋላ በስንጥቅ ለቀረው ነው። መጥረጊያማ ከሁሉ የባሰ ነው። ስፋቱ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ጠብታ ስፋታቸው አንድ ሚሊሜትር ወደ ሆኑ ጠብታዎች ቢበተን 1,000 ይሆናሉ፤ የሚተንበትም ገጽ በ10 እጥፍ ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ደግሞ እያሞቀ ወደ አየር ይነፋዋል።

ከጥንቃቄ ሁሉ የሚሻለው ባዜቃውን አለመጠቀም ነው። ፕሮቲንን ለመለየት በሚሎን ፈንታ ባዩሬት፣ አሞኒያን ለመለካት በኔስለር ፈንታ የሳሊሲሌት ዘዴ፣ በክየልዳል የናይትሮጅን ምርመራ በባዜቃ ፈንታ መዳብ ይበቃል፤ ለተማሪ ሥራም የአልኮል ቴርሞሜትር አያንስም። ሁሉም ግን እንዲህ ቀላል ነው አንልም። የቆሻሻ ውሃን የኦክሲጅን ፍላጎት በዳይክሮሜት ሲለኩ የሜርኩሪ ሰልፌት የሚጨመረው ክሎራይዱን ይዞ እንዲያቈይ ነው፤ ክሎራይድ በበዛበት ውሃ ላይ ቢተው መልሱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ችግር ሳይናገሩ «ተዉት» ማለትም ያው «ተገቢ ጓንት» እንደ ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት በ2013 ተፈርሞ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል፤ የባዜቃ ቴርሞሜትርን የመሳሰሉ ዕቃዎች ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩ፣ እንዳይገቡ፣ እንዳይወጡም ወስኗል። ነገር ግን ለምርምር፣ ለመሣሪያ ማስተካከያና ለማመሳከሪያ የሚሆኑትን ከክልከላው ውጭ አድርጓል። አንባቢ ያስታውስ፤ በዳርትመዝ የፈሰሰው ጠብታ ለማመሳከሪያ የመጣ ነበረ። ሕግ አውጪዎቹ ተመራማሪ ራሱን ያውቃል ብለው ያመኑ ይመስላል። እምነቱ ያስከብረናል፤ ሆኖም ሥራውን በእኛው ላይ ጥሎታል።

ይህም ሥራ ከዲግሪው በታች ይጀምራል። የተሰበረውን ብርጭቆ የሚለቅሙት፣ የሙከራ ቱቦውን የሚያጥቡት፣ ወለሉን የሚወለውሉት ሰዎች በጠርሙሱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እንዲያነቡ አይጠበቅባቸውም። የለንደኖቹን ሁለት ረዳቶች እያሰብን፣ ቢያንስ አንድ ወረቀት በአማርኛ ተጽፎ ባዜቃ ባለበት በእያንዳንዱ ክፍል በር ላይ እንዲለጠፍ ሐሳብ እናቀርባለን። ቃሉም የሚከተለውን ይመስላል፤

«ቴርሞሜትር ከተሰበረ አትጥረጉ። መስኮቱን ክፈቱ፤ እሳቱን አጥፉ፤ ሥራ የሌለውን ሰው አስወጡ። የወርቅና የብር ቀለበታችሁን አውልቁ። ጠብታዎቹን በካርቶን ጠርዝ ወደ አንድ ስፍራ ሰብስቡ፤ በጠብታ መሳቢያ አንሡና ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ። በስንጥቅ በቀረው ላይ ዲን ነስንሱ። ወደ ማጠቢያው ገንዳ አታፍስሱ። የረገጣችሁበትን ጫማ ሳታጸዱ ከክፍሉ አትውጡ። ላቦራቶሪውን ለሚጠብቀው ሰው በዚያው ሰዓት ንገሩ።»

ከበታቹም ጠርሙሱ የሚቀመጥበት የክፍል ቍጥርና ቁልፉን የያዘው ሰው ስም ይጻፍበታል፤ ጻፊውም በዚያ ክፍል ሙከራውን የሚያስተምረው መምህር ነው።